ጠበል የሄዱት ተከራይ

ሰፈሩ ሰብሳቢ አድርጎ የመረጠኝ ስለማልናገር ነው። ይህን የምለው ራሴን ለማሳነስ አይደለም፤ በስብሰባው ላይ በግልጽ ተነግሯል። መንግሥት ለድሆች የሚሰጠው ድጎማ ለማን ለማን መድረስ እንዳለበት የሚለይ የመንደር ኮሚቴ ይቋቋም ተብሎ፣ ከካዛንቺስ ወረድ ብሎ ያለው የኛ ግቢና በዙሪያው ያሉት ግቢዎች ሰዎች በእድሩ ድንኳን ሥር ተሰበሰብን። አንዱ ሲጠቆም «እሱ ወሬኛ ነው» ይባላል፤ ሌላዋ ስትጠቆም «የዘመዶቿን ስም ትሞላበታለች» ይባላል። ሰዉ ሲሰለቸው ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ከኋላ ተነሥተው ወደ እኔ ጠቆሙ።

«ያቺን ልጅ አድርጓት። ከተወለደች ጀምሮ ጎረቤቴ ናት፤ ድምጿን የሰማሁት ሁለት ጊዜ ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም።»

ሰዉ ሳቀ፤ እጅም ወጣ። እምቢ ለማለት መናገር ነበረብኝ፤ እሱ ደግሞ ከመመረጡ የባሰ ሆኖ ታየኝ። ጋሼን ምክትሌ አደረጓቸው፤ ሌሎች ሦስት ሰዎችም ተጨመሩልን።

ያን ጊዜ ሥራዬ ካዛንቺስ ላሉ ፔንሲዮኖች አንሶላ ማጠብ ነበር። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩት እናቴ ስትታመም ነው፤ ካረፈች በኋላም አልተመለስኩበትም። ከትምህርት ቤት የቀረልኝ ነገር የእጅ ጽሑፌ ነው። ሰው ፊት ስቆም ጆሮዬ ይግላል፣ ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። ብዕር ስይዝ ግን እጄ አይንቀጠቀጥም። በኋላ የመጣው ሁሉ የመጣው በዚህ እጄ ነው።

ስታዲየም ጋ ባቡሩ መሄድ ከጀመረ ብዙም አልቆየም ነበር። ከኛ በታች ባለው ሰፈር በሮቹ ላይ ቀይ ቁጥር ተጽፎባቸዋል። ቁጥሩ ከተጻፈ በኋላ ለወራት ምንም አይሆንም፤ ሰዉ ልብስ ያሰጣል፣ ልጆች ቁጥሩን ዒላማ አድርገው ኳስ ይመቱበታል። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ዶዘር ይመጣል። በእኛ ግቢ ገና ምንም አልተጻፈም። ቢሆንም ከላይ በኩል የተሠራው የመስታወት ሆቴል ጥላ ከሰዓት በኋላ እየወረደ ግቢያችን መድረስ ጀምሯል፤ ከዘጠኝ ሰዓት ወዲያ አንሶላ አይደርቅልኝም። ጋሼ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ጥላውን እያዩ፣ «ፍሬቻ አሳይቷል፤ ወደኛ ሊታጠፍ ነው» ይሉ ነበር።

ዝምተኛ ሰብሳቢ የተፈለገውም ለዚህ ነው። የግቢያችን ቤቶች የቀበሌ ቤቶች ናቸው። ውሉ የተጻፈው ድሮ ነው፤ የተዋዋሉት ሰዎች አንዳንዶቹ ሞተዋል፣ አንዳንዶቹ ልጆቻቸው ጋ ሄደዋል። አሁን ውስጡ የሚኖረው ወይ የእህት ልጅ ነው፣ ወይ ደባል ሆኖ የገባ ሰው ነው፣ ወይ የቤት ሠራተኛ የነበረች ናት። ከወረቀቱ ጋር የሚገጥም ቤት ጥቂት ነው፤ አለመግጠሙ የታወቀበት ሰው ቤቱን ይነጠቃል። ሁሉም የሁሉንም ያውቃል፤ ማንም አይናገርም። እንዲህ ባለ ሰፈር ቤት ለቤት ዞሮ የሚጽፍ ሰው ሲመረጥ ሰዉ የሚፈልገው አዋቂ አይደለም።

ከእኔ ክፍል ጋር በአንድ የጭቃ ግድግዳ የሚዋሰኑት እማማ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አንድ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ የነበሩ ሽማግሌን በቤት ሠራተኝነት አገልግለዋል። ሽማግሌው ጡረታ ሲወጡም፣ ሲታመሙም ያስታመሟቸው እሳቸው ናቸው። ሚስት አይደሉም፣ ዘመድም አይደሉም። ሽማግሌው ሲያርፉ እድሩ ቀበራቸው። የቤቶች አስተዳደር ሰው ቆይቶ መጥቶ «ተከራዩ የት ናቸው?» ሲል ከግቢው አንዱ «ጠበል ሄደዋል» አለው። ማን እንዳለ ዛሬ የሚያስታውስ የለም። ከዚያ ወዲህ ግን መልሱ ያው ሆነ። ሰው ጠበል ከሄደ ወር ሊቆይ ይችላል፣ ዓመትም ሊቆይ ይችላል፤ ለምን ቆየ ብሎ የሚቆጣ የለም። እንዲህ እየተባለ ስንት ዓመት አለፈ። ጋሼ አልፎ አልፎ፣ «እኚህ ሰውዬ ጠበሉን ጨረሱት እኮ» እያሉ ግቢውን ያስቁት ነበር።

የቤቱ ኪራይ በየወሩ በሟቹ ስም ይከፈላል። እማማ ማንበብ ስለማይችሉ ደረሰኙን ለእኔ ያመጡልኛል፤ እኔም የሽማግሌውን ስም አነብላቸዋለሁ። «አሉ» ይላሉ፣ በወረቀቱ ላይ አሁንም አሉ ለማለት። ከዚያ ወረቀቱን አጥፈው በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጡታል። እናቴ ከሞተች በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ የበላሁት ከእማማ መሶብ ነው። ኦሎምፒያ መንገድ ዳር ቆሎ ይሸጡ ነበር፤ ዓይናቸው ሲደክም መንገድ መሻገር አቃታቸውና ተዉት። ስለዚህ ሰብሳቢ ሆኜ የተመረጥኩ ዕለት በልቤ የመጀመሪያውን ስም ጽፌ ጨርሼ ነበር።

የወረዳው ባለሙያ ቦርሳውን በደረቱ አቅፎ የሚሄድ ወጣት ነው። ቅጹን ሲያሠለጥነን ሁለት ነገር ደጋግሞ ተናገረ። አንደኛው፣ ባዶ ቦታ ያለበት ቅጽ ተመላሽ እንደሚሆን። ሁለተኛው፣ የምንሰበስበው መረጃ ለድጎማው ብቻ እንደሚውል። «ማለቴ፣ ሌላ ቦታ አይሄድም በቃ» አለ። የዋሸን አይመስለኝም። እሱም የሚያምነውን ነው የነገረን።

ቤት ለቤት ስንዞር ጋሼ ይጠይቃሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ቀስ በቀስ አንድ ነገር ተማርኩ። ሰው መልሶ ከጨረሰ በኋላ ብዕሬን ይዤ ዝም ብዬ ስጠብቅ፣ ዝምታው ይጨንቀውና ያልተጠየቀውን ይጨምራል። በዚህ መንገድ ስለ ብዙ ቤት ብዙ ነገር ሰማሁ። ጋሼ «ይቺ ልጅ ሳትናገር ሰው ታናግራለች» ብለው ለኮሚቴው አሞገሱኝ። ደስ አለኝ። መፍራት የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው።

እማማ ቤት ስንደርስ ችግር ተፈጠረ። ቀጥተኛ ድጋፍ የሚባለው፣ መሥራት ለማይችል ሰው የሚሰጠው፣ ጡረታ የሚያገኝ ሰው ላለበት ቤት አይፈቀድም። በወረቀት የእማማ ቤት ጡረተኛ አለበት፤ ጠበል ሄደው ነው እንጂ። ጋሼ ጡረታ የሚለውን ቦታ በባዶ እንድናልፈው ፈለጉ። እኔ ግን ባዶው አስፈራኝ። በማግስቱ ብቻዬን ተመልሼ ሄድኩ።

እማማ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ብቻቸውን እንደሚኖሩ ካልተጻፈ እንደማያልፉ ነገርኳቸው።

«እሳቸውስ?» አሉ።

«እሳቸው እንደሌሉ ይጻፋል።»

እጃቸው የብስኩቱን ቆርቆሮ ክዳን ይዳብስ ነበር።

«ልጄ፣ አንዴ ሞተዋል። ደግመሽ አትግደይብኝ።»

ወረቀቱ ለድጎማ ብቻ እንደሆነ፣ ሌላ ቦታ እንደማይሄድ፣ ባለሙያው እንዳለው አድርጌ ነገርኳቸው። በሕይወቴ ያን ያህል ረጅም ንግግር የተናገርኩ አይመስለኝም። አዳምጠው ሲጨርሱ፣ «አንቺ ካልሽ» አሉ። እስከዚያ ቀን ድረስ እኔ ስላልኩ አንድ ነገር ያደረገ ሰው አልነበረም። ልቤን ሞቅ አለው። አሁን ያን ሙቀት ሳስታውሰው አፍራለሁ።

ቅጹ ጫፉ ላይ «ምርመራ» የሚል ጠባብ ቦታ ነበረው። እዚያ ላይ ባማረው ጽሑፌ፣ «የቤቱ ተከራይ ከሞቱ ዓመታት ሆኗቸዋል፤ አመልካቿ ብቻቸውን ይኖራሉ» ብዬ ጻፍኩ። ቦታው ጠባብ ስለነበር ፊደሉን አሳንሼ፣ ግን አንዱም ሳይነካካ ጻፍኩት።

ዝርዝሩ ተጣርቶ ለቅሬታ ተለጠፈ። ቅሬታ ያለው እንዲያመለክት ለአሥር ቀን በወረዳው አጥር ላይና ቦኖው ጋ ይሰቀላል። ውኃ ልቀዳ ስሄድ ጽሑፌን ከሩቅ ለየሁት። ባለሙያው ስሞቹን በኮምፒዩተር የሚያስጽፍ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ቅጻችንን እንዳለ ፎቶ ኮፒ አድርጎ፣ ማኅተም መትቶ ለጥፎታል። እማማ ሦስተኛ ላይ ናቸው። ከስማቸው አጠገብ ምርመራው፣ አንድም ፊደል ሳይደበዝዝ፣ ለውኃ የተሰለፈ ሰው ሁሉ እንዲያነበው ተሰቅሏል።

ጄሪካኔን አስቀምጬ ቆምኩ። ሰዎች እየመጡ ያነባሉ፣ ወደ እኔ ያያሉ፣ ይሄዳሉ። መቅደድ አሰብኩ። ሰው ሁሉ እያየኝ ግን እጄን ከነጠላዬ ማውጣት አልቻልኩም። ዝናብ ቢመጣ ብዬ ወደ ሰማይ አየሁ፤ ወረቀቱ ግን በፕላስቲክ ተሸፍኗል።

በሦስተኛው ቀን ቡናማ ጃኬት የለበሰ ሰው መጣ። ከሰልፉ አልነበረም፣ ጄሪካንም አልያዘም። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አነበበ፤ ከዚያ ሞባይሉን አውጥቶ ፎቶ አነሣው። ፎቶውን በሁለት ጣቱ አሰፋና ትንሽ አየው። ዞር ሲል አጠገቡ የቆምኩት እኔ ነበርኩ።

«የማን ጽሑፍ ነው? ያምራል» አለኝ።

ፈገግ ብሎ ሄደ። ቆይቶ ከሰልፉ አንዷ የቤቶች ሰው መሆኑን ነገረችኝ።

ለጋሼ ስነግራቸው አልቀለዱም። ያ ነው ይበልጥ ያስደነገጠኝ። ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና፣ «ሂጂ፤ ከዚያ ልጅ ጋር ተነጋገሪ» አሉኝ። ወረዳ ሄጄ ባለሙያውን አገኘሁት። የሆነውን እስክጨርስ አላቋረጠኝም፤ ሲገባው ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አሸት አደረገው። ማኅተም ያረፈበትን ዝርዝር እሱ ቢሰርዝ ሙስና እንደሚባል ነገረኝ። አንድ ስም የሚወጣው በቅሬታው ስብሰባ ሰው ተነሥቶ ከተቃወመ ብቻ ነው።

«ማለቴ፣ እህቴ፣ አንድ ሰው ተሳስታችኋል ማለት አለበት። በሕዝብ ፊት።»

ተመልሼ ይህን ስነግራቸው ጋሼ ኮፍያቸውን መልሰው አጠለቁ። «ስለዚህ እኔ ምክትልሽ ተነሥቼ ሰብሳቢዬ ዋሽታለች ልበል?» አሉ። አዎ አልኳቸው። እማማ በጭቃው ግድግዳ በኩል እየሰሙን እንደነበር አውቃለሁ፤ ሳላቸው ይሰማኝ ነበር።

ስብሰባው በዚያው ድንኳን ሥር ነበር። ባለሙያው ከጎኔ ተቀመጠ። ከመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ባለ ቡናማ ጃኬቱ ሰውዬ እግሩን አጣምሮ ተቀምጧል። ስም የማነበው እኔ ነኝ። አንዱን አነበብኩ፣ ተቃውሞ የለም። ሁለተኛውን አነበብኩ፣ የለም። ሦስተኛው ጋ ስደርስ ድምፄ ቀነሰ። ሰዉ እማማን ስለሚወድ ዝም ብሎ ማለፍ አልበቃውም፤ ከሴቶቹ አንዷ «ይገባቸዋል» አለች፣ ሌሎቹ አጨበጨቡ። ያ ሁሉ ደግነት በላያችን ላይ ሲወርድ ምን እንደማደርግ አላወቅሁም። ጋሼ ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠብቀው ተነሡ።

«እኔ ተቃውሞ አለኝ። ሰውዬው አልሞቱም። ጠበል ናቸው።»

አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ባለሙያው ወደ እኔ ዞሮ፣ እንደማያውቅ ሰው ሆኖ፣ ሞተዋል ብዬ የጻፍኩት በምን አረጋግጬ እንደሆነ ጠየቀኝ። ጆሮዬ እንደ እሳት ሆነ። «ተሳስቼ ነው» አልኩ። እኔም ድምፄን አልሰማሁትምና ደገምኩት።

እማማ ልጃገረዶች ደግፈዋቸው ቆሙ። ዓይናቸው ማንን ማየት እንዳለበት ስላላወቀ ወደ ድንኳኑ ምሰሶ እያዩ ተናገሩ። «ጌታዬ ጠበል ናቸው። ጡረታ አላቸው። እኔ ሠራተኛቸው ነኝ።» እንዲህ ብለው የድጎማውን ገንዘብ በገዛ አፋቸው ለቀቁት።

ያን ጊዜ ሰዉ ገባው። አንድ በአንድ ተከተለ። አንዱ ሸንኮራ ጠበል ላይ ናቸው አለ። ሌላዋ በፋሲካ ደውለው እንደነበር መሰከረች። እግራቸው ትንሽ እንደተሻላቸው የሰማም ነበር። ሰውዬው በሩብ ሰዓት ውስጥ ከመቃብር ተነሥተው፣ በምርኩዝ መሄድ ጀምረው ነበር። ባለሙያው ማስመሪያ አስቀምጦ የእማማን ስም ሰረዘ። ጋሼ ላባቸውን ጠርገው ተቀመጡ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሼን ለቀቅሁ።

ባለ ጃኬቱ ሰውዬ በጣም በትህትና እጁን አወጣ።

«እንኳን ተሻላቸው» አለ። «ውላቸው መታደስ ስላለበት በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ በአካል ቀርበው ይፈርሙልን። ደብዳቤ እንልክላቸዋለን።»

ደብዳቤው በማግስቱ በሟቹ ስም መጣ። ለእማማ አነበብኩላቸው። ስሙ ጋ ስደርስ እንደ ሁልጊዜው «አሉ» አላሉም። ወደ ቆርቆሮውም አልከተቱትም፤ አልጋው ላይ ተዉት።

ጋሼ በሦስተኛው ቀን መጥተው፣ ኮፍያ አድርገው፣ ምርኩዝ ይዘው እሳቸው ቀርበው ቢፈርሙ ምን እንደሚሆን ጠየቁ። ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ እውነት ነበር። እማማ ከራስ እስከ እግራቸው ተመለከቷቸው። ዓይናቸው ብዙም አያይም፤ ቢሆንም ተመለከቷቸው።

«አንተ አጭር ነህ» አሉ። «እሳቸው ዘለግ ያሉ ነበሩ።»

ከዚያ በኋላ ስለ ደብዳቤው ማንም አላወራም። ቀኑ ይቆጠር ነበር፤ ግን ማንም ጮክ ብሎ አይቆጥርም። ከታች ካለው ሰፈር የዶዘሩ ድምፅ ይሰማል፤ በባልዲዬ ያለው ውኃ ክብ ክብ እየሠራ ይንቀጠቀጣል። የሆቴሉ ጥላ በየቀኑ ትንሽ ቀደም ብሎ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ግቢው ውስጥ ከኔ ጋር የነበረው ሰላምታ ቀረ ማለት አልችልም። ሰላም ይሉኛል። አንሶላ ሳሰጣ ግን አጠገቤ የሚያወራው ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ከቤታቸው ስለሰማሁት ሁሉ እያሰቡ እንደነበር አውቃለሁ። ቅጾቹን ሁሉ የጻፍኳቸው እኔ ነኝ፤ ቅጾቹ ደግሞ እኔ ጋ አልነበሩም።

በአሥራ አራተኛው ቀን ጠዋት እማማ ግድግዳውን መታ መታ አደረጉ። ስገባ ክፍሉ ተጠርጓል። አልጋው ተነጥፏል። የብስኩቱ ቆርቆሮ በነጠላ ተቋጥሮ እጃቸው ላይ ነው። በሌላ እጃቸው የሽማግሌውን ምርኩዝ ይዘዋል።

የት እንደሚሄዱ ጠየቅኳቸው።

«የማታውቂውን አትጽፊውም» አሉ። ያለ ቁጣ ነው ያሉት፤ ለእኔ አስበው እንጂ ለወቀሳ አልነበረም። ቁልፉን እጄ ላይ አስቀምጠው ጣቶቼን አጠፉልኝ። «ከጠየቁሽ፣ እኔም ጠበል ሄጃለሁ በይ።»

እስከ አስፋልቱ ልሸኛቸው ፈልጌ ነበር። በራፉ ላይ በምርኩዙ ደረቴን ገፋ አድርገው መለሱኝ። መንገድ ብቻቸውን ሲሻገሩ ከበሩ ሆኜ አየሁ፤ አንድ ሚኒባስ ቆሞ አሳለፋቸው፤ ከዚያ ወዲያ ሰው ሸፈነብኝ።

በማግስቱ ባለ ጃኬቱ ሰውዬ ሁለት ሰዎች አስከትሎ መጣ። አንዱ ወረቀት ይዟል፣ አንዱ ሙጫ። ግቢው በሙሉ በየበሩ ቆሟል፤ ጋሼም ቆመዋል። ሰውዬው ማንንም አልጠየቀም፤ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣ።

«አንቺ የኮሚቴው ሰብሳቢ ነሽ አይደል? ተከራዩ የት ናቸው?»

«ጠበል ሄደዋል።»

«ሴትዮዋስ?»

«እሳቸውም ጠበል ሄደዋል።»

«መቼ ይመለሳሉ?»

«ሲሻላቸው» አልኩ። ድምፄ እስከ ግቢው ዳር ደረሰ። ግቢው ሁሉ ሰማኝ።

ትንሽ አየኝና አንድ ቅጽ አቀበለኝ። ቤቱ ሲታሸግ ሰው አለመኖሩን የሰፈሩ ተወካይ ይመሰክራል። እጄን ወደ ኋላ ልደብቅ አሰብኩ፤ ግን እኔ ካልጻፍኩ ሌላ ሰው ይጽፋል። በቅጹ ጫፍ ያው ጠባብ ቦታ ነበር፤ «ምርመራ» ይላል። ስሜን ከጻፍኩ በኋላ እዚያ ላይ፣ ፊደሉን አሳንሼ፣ አንዱም ሳይነካካ፣ «ሁለቱም ጠበል ሄደዋል፤ ይመለሳሉ» ብዬ ጻፍኩ። አንብቦ አጠፈውና ኪሱ ከተተው። ከዚያ ሙጫውን የያዘው ሰው ወረቀቱን በሩና መቃኑ ላይ አጋድሞ ለጠፈ።

የእማማን ቁልፍ ለማንም አልሰጠሁም። ከሳምንት በኋላ ቀይ ቀለም የያዙት ሰዎች ወደ ግቢያችን ገቡ። የጀመሩት ከእማማ በር ነው።